ጥይት መቁጠር ከጀመርኩ በኋላ

ድሮ ጥይት ለእኔ እንደ መኪና ነዳጅ ነበር። ያልቃል፣ ይገዛል፣ በቃ። ቅዳሜ ጠዋት 100 ጥይት ይዤ ወደ ኢላማ ሜዳ እወጣለሁ፣ ከሰዓት ባዶ ካርቶን ይዤ እመለሳለሁ። ብዙ የተኮሰ ሰው ብዙ የተማረ ይመስለኝ ነበር። ትከሻዬን ሲያመኝ ራሱ ደስ ይለኛል፣ የሠራሁ ይመስለኛላ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 2020 መጣ። ወረርሽኙ ሲጀምር ሰው መጀመሪያ ሶፍት ገዝቶ ጨረሰ፣ ቀጥሎ ጥይት ገዝቶ ጨረሰ። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ሲገኝም ዋጋው እጥፍ ነው፣ አንዳንዴ ከእጥፍ በላይ። ያልፋል ብለን ጠበቅን። ትንሽ ተንፈስ ያልን ሲመስለን በ2022 የዩክሬን ጦርነት ተጨመረበት። ጦርነቱን ከእኔ ወረቀት ኢላማ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር። ያገናኘዋል። ጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ነው፣ ናይትሮሴሉሎስ ደግሞ በብዛት የጥጥ ፍሬ ላይ ተጣብቆ ከሚቀረው አጭር ጭረት ይወጣል። መድፍም ያንኑ ይበላል። አንዷን ባለ 155 ሚሊሜትር የመድፍ ተተኳሽ የሚገፋው ባሩድ በኪሎ ይመዘናል፣ የእኔ ጠመንጃ ጥይት ሦስት ግራም እንኳ አትሞላም። ሰልፉ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚስተናገድ መገመት አይከብድም።

የመጀመሪያው ስህተቴ መደንገጥ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ለቀምኩ። ከአንዱ ቦታ አንድ ካርቶን፣ ከሌላው ሁለት፣ ከጓደኛ ግማሽ። ጠመንጃዬ ካሊበሩ (የጥይቱ ልክ) .308 ነው፣ ሁሉም ጥይት ላይ .308 ይላል፣ ስለዚህ አንድ ነው ብዬ። አይደለም። አንዱ አረሩ፣ ተወንጭፎ የሚሄደው ጫፉ፣ 150 ግሬን ይመዝናል፣ ሌላው 168፣ ሌላው 175። በአንዱ የተስተካከለ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ለሌላው አይሠራም። 100 ሜትር ላይ አንዱ ካርቶን መሃሉን ሲወጋ ሌላው አራት ጣት ዝቅ ብሎ ይመታል። በየጊዜው ስኮፑን እንደገና ላስተካክል ስል ብቻ ከገዛሁት ላይ ሲሶውን ጨረስኩት። ጥይት ጠፋ ብዬ የገዛሁትን ጥይት ለማስተካከያ አባከንኩት ማለት ነው።

እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ጠመንጃችሁ የሚወደውን አንድ ዓይነት ለዩ። ካርቶኑ ላይ ወይም ክዳኑ ውስጥ በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለይ የምርት ቁጥር ታትሟል፣ ስትገዙ ያ ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓይነት ሆኖ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ ራሱ የሚመታበት ቦታ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። እኔ አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን በአንዴ ገዝተን እንካፈላለን። ፈቃዳችን የሚለውን መጠን ሳናልፍ ታዲያ።

ሁለተኛው ስህተቴ ዓይኔን ሊያሳጣኝ ነበር። አንድ በዓይን የማውቀው ሰው በተተኮሰ ቀለሃ ላይ እንደገና ባሩድና አረር ገብቶበት ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት አለኝ አለ። 60 ፍሬ፣ በላስቲክ። ካርቶን የለውም፣ ምን ዓይነት ባሩድ እንደገባበት፣ ስንት እንደገባበት የሚል ቁራጭ ወረቀት እንኳ የለውም። «ከፋብሪካው ይሻላል» አለኝ። ዋጋው ጥሩ ነበር። አመንኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ደህና ተኮሱ። አራተኛው ላይ ቃታው፣ ከኋላ ተከፍቶ ጥይት የሚጎርስበት ብረት፣ አልከፈት አለ። በመዳፌ መትቼ ነው ያነሳሁት። ቀለሃው ሲወጣ ቂጡ ላይ ያለችው ፕራይመር፣ ባሩዱን የምትለኩሰዋ፣ ተጨፍልቃ ከዳር እስከ ዳር ሜዳ ሆናለች። ቂጡ ላይ ካለው የፋብሪካ ጽሑፍ አጠገብ ደግሞ አዲስ የምታብረቀርቅ ምልክት ወጥታለች። ያን ጊዜ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምናልባት ያቺ አንዷ ብቻ ትሆናለች ብዬ አምስተኛውን አጎረስኩ። ስተኩስ ፊቴን ትኩስ አየር መታኝ። ፕራይመሯ ተበስታ ጋዙ ወደ ኋላ ተመልሷል። ዓይኔን ስከፍት መነጽሬ ላይ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። መነጽር አድርጌ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

ቃታ ሲከብድ፣ ፕራይመር ሲጨፈለቅ፣ ቀለሃ ላይ አዲስ ምልክት ሲወጣ ጠመንጃው ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ አልፏል ማለት ነው። ጥይቱ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ እዚያው አቁሙ። ሌላ ሰው ቤት የሞላውን ጥይት ደግሞ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ አትተኩሱ።

የዚያን ቀን ሜዳው ላይ አንድ አንጋፋ ተኳሽ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ላስቲኩን ተቀበሉኝና ለራሳቸው ቦርሳ ከተቱት። አልተቆጡኝም። አጠገቤ ተቀምጠው «ዛሬ በጠቅላላ ስንት ተኮስክ?» አሉኝ።

«ሠላሳ አምስት።»

«ከነሱ ውስጥ ስንቱን አውቀህ ተኮስከው?»

ዝም አልኩ። የራሴን ደህና ጥይት ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። ጀርባቸውን አዙረው ካዝናውን ሞሉልኝ። ተኛሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ተኮስኩ። ጥሩ። ሁለተኛውን ምላጭ ስስብ ቀጭ አለ። ጥይት የለም፣ የልምምድ ጥይት ነው የከተቱት፣ ባሩድም ፕራይመርም የሌለው። ጠመንጃው አልተኮሰም፣ አፈሙዙ ግን እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ አለ። ትከሻዬ ወደ ፊት ዘሏል፣ ዓይኔም ተጨፍኗል። ማንም አልገፋኝም፣ ራሴ ነኝ። ጋሼ ሳቁ። «አየኸው?» አሉኝ። አየሁት። ለዓመታት ጠመንጃውን፣ ስኮፑን፣ ንፋሱን ስወቅስ ነበር። ድምፁን እየጠበቅኩ ቀድሜ እየደነገጥኩ ነበር እንጂ። በየቅዳሜው የማቃጥላቸው 100 ጥይቶች ይህን ድንጋጤ ነበር የሚያለማምዱኝ።

በነጋታው ያለ ጥይት መለማመድ ጀመርኩ። በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይሰላቻል፣ እኔም ተሰላችቻለሁ። ግን ከሁሉም በላይ ያሻሻለኝ እሱ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ዜሮ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለ ጥይት በሙሉ ከምትለማመዱበት ክፍል ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ቃታውን ትከፍቱና ጥይት መጉረሻውን በዓይናችሁ አይታችሁ በጣታችሁ ትነካላችሁ። ካዝናውንም እንዲሁ። ከዚያ ብትሳሳቱ እንኳ ጥይት ወደማያሳልፍ፣ ከኋላው ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ታነጣጥራላችሁ። ስልክ ከተደወለ ወይም ሰው ከገባ ልምምዱ አበቃ፣ ስትመለሱ ከመጀመሪያው ትፈትሻላችሁ። «አንድ የመጨረሻ ልጨምር» ብሎ ጥይት ካጎረሰ በኋላ ጉዳት የሚያደርስ ሰው አለ።

እኔ በርሜሉ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጥ ነበር። ምላጩን ስስብ ሳንቲሟ ካልወደቀች አንድ ነጥብ። የመጀመሪያው ሳምንት ወለሉ ላይ ስትንቀጫቀጭ ከርማለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአሥር ዘጠኙን ትቆማለች። መምቻ መርፌው የጥይቱን ቂጥ መሃሉን የሚመታ አብዛኛው ዘመናዊ ጠመንጃ ያለ ጥይት ቢተኮስ ችግር የለውም፣ ያረጁ ጠመንጃዎች ግን መርፌያቸው ሊሰበር ይችላል። ባለ .22 ከሆነ ደግሞ መርፌው የሚመታው የጥይቱን ጠርዝ ስለሆነ፣ ጥይት ከሌለ ብረቱን ነው የሚመታው፣ ያበላሻል። መመሪያውን እዩ፣ ካልሆነ የልምምድ ጥይት ግዙ።

ስለ .22 ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለተኛው መዳኛዬ እሱ ነው። በርካሽ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። ከትልቁ ጠመንጃዬ ጋር ክብደቱም ምላጩም የሚቀራረብ አንድ ፈልጌ ገዛሁ። አረሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ንፋስ ይጫወትበታል፣ 100 ሜትር ላይ ቀላል የምትሉት ንፋስ ራሱ ያንሸራትተዋል። ንፋስ ማንበብ የተማርኩት በሱ ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2013 አካባቢ .22 ራሱ ከመደርደሪያ ጠፍቶ የነበረበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ዋስትና ነው አልልም። የ.22 ቀለሃ ደግሞ እንደ ሌላው ተመልሶ አይሞላም ብላችሁ ያዙት። መለኮሻው ጠርዙ ውስጥ የተቀባ ነው፣ አንዴ ከተመታ አለቀ። እሱም ከጠፋ የአየር ጠመንጃ አለ። ኦሊምፒክ ላይ 10 ሜትር የሚወዳደሩት በ4.5 ሚሊሜትር የአየር ጠመንጃ ነው፣ የልጅ መጫወቻ ነው የሚል ካለ እነሱን ይይ።

ስኮፕ ማስተካከልም ላይ ብዙ አትርፌያለሁ። ድሮ 100 ሜትር ላይ ወረቀት ሰቅዬ፣ ወረቀቱን ሳልነካ አሥር ጥይት አቃጥል ነበር። አሁን ቃታውን አውጥቼ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ በበርሜሉ ውስጥ አጮልቄ ኢላማውን መሃል አደርጋለሁ። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ ስኮፑን ወደዚያው እወስዳለሁ። ጥይት እስካሁን ዜሮ። ከዚያ 25 ሜትር ላይ አንድ እተኩሳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አንድ ደግሜ አረጋግጣለሁ። ቀጥሎ ነው ወደ 100 ሜትር የምሄደው። የብዙ ስኮፕ አንድ ጠቅታ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይወስዳል፣ 25 ሜትር ላይ ግን የዚያ ሩብ ነው። ስለዚህ ቅርብ ላይ ስታስተካክሉ ጠቅታውን በአራት ማባዛት አለባችሁ። እኔ ይህን ረስቼ አንድ ሙሉ ካርቶን የጨረስኩበት ቀን አለ፣ አትሳቁ።

በአንድ ቀን ከ20 ጥይት በላይ አልወስድም። እያንዳንዷን ከመተኮሴ በፊት የት እንደምትመታ እናገራለሁ፣ ተኩሼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አደን ለሚወጣ ሰው ደግሞ ዋናዋ ጥይት የመጀመሪያዋ ናት፣ በርሜሉ ሳይሞቅ የምትተኮሰው። የጫካው እንስሳ አምስት እስክትለማመድ አይጠብቅህም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ሜዳ ሄጄ አንዷን ብቻ ተኩሼ ቀኗንና የመታችበትን ጽፌ እመለሳለሁ። ነዳጁ ከጥይቱ ይበልጣል ብትሉኝ እውነታችሁን ነው።

አሁን ወደ ቀለሃ መሙላት። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፣ እኔም የጥይት ችግሬን በአንድ ቀን የሚፈታው መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሃ፣ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር። ሲተኮስ ሦስቱ ይሄዳሉ፣ ቀለሃው ይቀራል። ከአራቱ ብዙ ጊዜ ውዱ ደግሞ ቀለሃው ነው። ታዲያ ውዱን እየጣልኩ ርካሹን እየገዛሁ ነው ወይ? አልኩ። በዚያው ሰሞን ቀለሃ የሚጫነውን ማሽን፣ ዳዮቹን (ቀለሃው እየተጫነ ገብቶ ቅርጹ የሚመለስባቸው ብረቶች)፣ ሚዛኑን፣ መለኪያውን፣ ሁሉንም አዘዝኩ። ጋሼን ሳላማክር።

እቃው መጣ። ፕራይመር ግን የለም። ጥይት የጠፋበት ምክንያት ፕራይመሩንም ባሩዱንም እንደሚያጠፋ አላሰብኩም! እኔ የማስበውን ሌላው ሺህ ሰው ቀድሞ አስቦታል። ማሽኑ ስምንት ወር አቧራ ጠጣ። በመጨረሻ ፕራይመር ተገኘ ሲባል ሮጬ ገዛሁ፣ ቤት ስደርስ ትንሹ መጠን ነው። የጠመንጃ ፕራይመር ሁለት መጠን አለው፣ 4.45 እና 5.33 ሚሊሜትር። የእኔ ቀለሃዎች ትልቁን ነው የሚፈልጉት። ከመግዛታችሁ በፊት ቀለሃችሁ የትኛውን እንደሚወስድ እዩ፣ .308 ራሱ ትንሹን የሚወስድ ቀለሃ አለው።

ቀለሃ ለቀማውም ጉድ ነበር። ከሜዳው አንድ ባልዲ ሰበሰብኩ። ስጀምር የዳዩ መርፌ ተሰበረ። ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ተሰበረ። ጋሼ መጥተው አንዱን ቀለሃ በአፉ በኩል ባትሪ አበሩበትና «እየው» አሉኝ። ከታች ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ አለው። የሚሞላው ቀለሃ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፣ መርፌዋ በዚያ ገብታ ያረጀውን ፕራይመር ትገፋለች። ባለ ሁለቱ በርዳን ይባላል፣ ባለ አንዱ ቦክሰር። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የተፈለሰፉ ናቸው። የሚያስቀው በርዳን አሜሪካዊ ነበር፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ ዛሬ አሜሪካኖች የሚጠቀሙት የእንግሊዛዊውን ነው። ማግኔት የሚይዘው ቀለሃ ደግሞ የብረት ነው፣ እሱንም ተዉት። ከባልዲዬ ለሥራ የሆነው ሲሶ እንኳ አልሞላም። አሁን የማላውቀውን ቀለሃ አላነሳም፣ ራሴ አዲስ ገዝቼ የተኮስኩትን ብቻ ነው የምሞላው፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ስለማውቅ።

ሒሳቡን የሠራሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ መሆን ነበረበት። የመሣሪያዎቹን ወጪ በአንድ ጥይት በማተርፈው ስካፍለው 1,200 ጥይት ወጣ። ከዚያ በፊት ያተረፍኩት የለም ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሥርዓት መተኮስ ከጀመርኩ ወዲህ በትልቁ ጠመንጃ የምተኩሰው በዓመት 300 ነው። አራት ዓመት። እናንተም እንዲህ አስሉት። ባሩዱ ለምሳሌ በፓውንድ ይሸጣል፣ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። ለሒሳብ ያህል አንዷ ጥይት 40 ግሬን ብትወስድ 175 ጥይት ይወጣዋል። ጊዜውንም ጨምሩበት። 50 ቀለሃ ማጠብ፣ ቅርጹን መመለስ፣ ርዝመቱን መለካት፣ የረዘመውን መቁረጥ፣ መሙላት፣ ለእኔ ሁለት ሙሉ ማታ ነው። በዓመት 100 ጥይት ለሚተኩስ ሰው አያዋጣም፣ እቅጩን ልንገራችሁ። ብዙ የሚተኩስ፣ ወይም ጥይቱ ከገበያ የጠፋ ያረጀ ካሊበር ያለው፣ ወይም ሥራውን ራሱን የሚወደው ሰው ይግባበት። ሌላው ደግሞ ሕጉ ነው። ባሩድና ፕራይመር መግዛት፣ ማስቀመጥና መሙላት የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅበት አገር አለ፣ ጭራሽ የሚከለክልም አለ። አንድ ብሎን ሳትገዙ ፈቃድ ሰጪውን ጠይቁ።

እኔ ቀጠልኩበት፣ ሥራውን ራሱን ስለወደድኩት። ስንት ባሩድ እንደሚገባ እዚህ አልጽፍም፣ ከማንም ተራ ጽሑፍም አትውሰዱ። በአረሩ፣ በቀለሃው፣ በባሩዱ ዓይነት ይለያያል። ባሩድና አረር የሚያመርቱት ፋብሪካዎች የሚያትሙት የመሙያ መጽሐፍ አለ፣ ከሱ ዝቅተኛውን ይዞ መጀመር ነው። የባሩዱ ስም በአንድ ቁጥር ቢለይ ሌላ ባሩድ ነው። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይቀመጣል፣ ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ፈጥኖ የሚነደው የሽጉጥ ባሩድ በስህተት የጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ ከገባ ጠመንጃው ቦምብ ነው።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። 50 ቀለሃ እንጨት ላይ ደርድሬ ባሩድ እየሞላሁ ነው። መሃል ላይ ስልክ ተደወለ። አንሥቼ አወራሁ፣ አምስት ደቂቃም አይሞላም። ተመልሼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ካቆምኩበት የመሰለኝ ቦታ ማለቴ ነው። አረሮቹን ሁሉ ከከተትኩ በኋላ አልጋ ላይ ሆኜ ነገሩ ከነከነኝ። ሁለት ጊዜ የሞላሁት የለም፣ ያ ባሩድ እጥፍ ከሆነ ከአፉ ይፈስሳል፣ አየው ነበር። ግን የዘለልኩት ቢኖርስ? ጠዋት ለጋሼ ደወልኩ።

«ሁሉንም ፍታቸው» አሉኝ።

«ሃምሳውንም? ብመዝናቸውስ?»

«ጨርሶ ባዶ የሆነውን ሚዛኑ ይነግርህ ይሆናል። ግማሽ የገባበት ካለስ? ቀለሃውና አረሩ ራሳቸው እኩል አይመዝኑም። ፍታቸው።»

አረር መንቀያ መዶሻ አለ፣ ጥይቱን ጭንቅላቱ ውስጥ ታስሩና እንጨት ላይ ትመታላችሁ፣ አረሩና ባሩዱ ይወጣሉ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቅዳሜዬ በዚህ አለቀ። ጎረቤት አናጢ የሆንኩ መስሎታል። 31ኛዋን ስመታ አረሯ ወጣች፣ ባሩድ ግን የለም። ገልብጬ አራገፍኳት። አንዲት ፍሬ የለባትም። እጄ ላይ ይዤያት ቆየሁ። እንዲህ ያለችዋ ጥይት ስትተኮስ ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን ገፍታ በርሜሉ ውስጥ ልትሰነቅረው ትችላለች። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ሰው ከሸፈ ብሎ ሌላ ያጎርሳል። ሁለተኛው ጥይት የተሰነቀረውን ሲያገኘው በርሜሉ ይፈነዳል። ድምፁ ከወትሮው ካነሰባችሁ ቆማችሁ፣ ጠመንጃውን አራግፋችሁ፣ በበርሜሉ ብርሃን ሳታዩ ሁለተኛ አትተኩሱ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሌላ ክፍል ያድራል፣ አረር ከመክተቴ በፊትም ሃምሳውን ቀለሃ አንድ በአንድ ባትሪ አብርቼ የባሩዱን ከፍታ አያለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ቀለሃውን ቅባት ሳትቀቡ ዳይ ውስጥ ካስገባችሁት ይቀረቀራል፣ እኔ ሁለት ዳይ እንዲህ አበላሽቻለሁ። ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ቀለሃ ከቂጡ ከፍ ብሎ ውስጡ ይሳሳል፣ ኋላ እዚያው ላይ ይበጠሳል። የወረቀት መያዣ ሽቦ አቃንታችሁ ጫፉን እጠፉትና በአፉ አስገብታችሁ ግድግዳውን ዳስሱት፣ ጉድጓድ ከያዘ ቀለሃውን ጨፍልቃችሁ ጣሉ። ባሩድና ፕራይመር ከመጡበት ማሸጊያ አይወጡም፣ በተለይ ፕራይመር ጠርሙስ ውስጥ ዘርግፎ ማስቀመጥ እጅ ያሳጣል። ቦታው ቀዝቃዛና ደረቅ ይሁን፣ ከእሳትም ከልጅም የራቀ። የተተኮሰ ቀለሃ የእርሳስ አቧራ አለው፣ ወጥ ቤት ውስጥ አታጽዱት፣ ሠርታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ጋሼ ያን በላስቲክ የገዛሁትን ጥይት በኋላ ፈቱት። የአሥሩን ባሩድ ለየብቻ መዘኑልኝ፣ ሁለቱ እንኳ እኩል አልነበሩም። ባሩዱ ራሱ ሁለት ዓይነት ፍሬ ነበረው፣ አንዱ ዱላ መሳይ፣ ሌላው ክብ።

አሁን መደርደሪያዬ ላይ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ያለው 200 የፋብሪካ ጥይት አለ፣ እሱ ለአደን ነው። ለልምምድ የራሴ 46 ቀለሃዎች አሉ። 50 ነበሩ። ሦስቱ አፋቸው ተሰነጠቀ፣ አንዷን ትናንት ማታ ሽቦዋ ያዘቻት። አምስተኛ ዙራቸው ነው። አርባ ስድስቱን ነገ እሞላለሁ፣ ስልክ ካልደወላችሁልኝ።